ገንዘባቸውን እንቁረጥ ወይስ አብረን እንቀመጥ? ስለ ታጣቂዎች የተደረገ ክርክር

ሚዛን፦
እስቲ ዛሬ አንድ ከባድ ነገር እናንሳ። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ስንከራከር አመሸን። እሱ "የታጠቀ ቡድን ገንዘብ ካጣ በወር ውስጥ ይበተናል፤ ባንኩን ዝጋ፣ ለጋሹን እሰር፣ አለቀ" ይላል። እኔ ደግሞ በገንዘብ ብቻ ያለቀ ጦርነት አላውቅም፤ መጨረሻው ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛ ነው ባይ ነኝ። አልተሸናነፍንም። ስለዚህ ለእናንተ አመጣሁት። አክራሪም ይሁን አማፂ፣ መሣሪያ ይዞ ሰው የሚገድል ቡድን በምንድን ነው የሚቆመው? ገንዘቡን በመቁረጥ? በጦር? ወይስ በድርድርና በምሕረት? የዚህ ብሔር፣ የዚያ ሃይማኖት እያላችሁ አትምጡብኝ። ምሳሌ ይዛችሁ ኑ።

ብሩክ፦
እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። ታጣቂ ቡድን እንደ ማንኛውም ድርጅት ወጪ አለው። ተዋጊው ይበላል፣ ይታከማል፣ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል። ጥይት ይገዛል፣ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል። ይኼን ሁሉ በእምነት ብቻ አትሸፍነውም።

አይሲስን ተመልከቱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንጋጭ)። በ2014 ሞሱልን ያዘ። ነዳጅ ሸጠ፣ ግብር ሰበሰበ፣ ለተዋጊው በየወሩ ደመወዝ ከፈለ። ታዲያ ምን አዳከመው? ድርድር? የነዳጅ ቦቴዎቹ ተመቱ። በጃንዋሪ 2016 ሞሱል ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ያከማቸበት ሕንፃ በአየር ተደበደበ። በዚያው ሰሞን ራቃ ላይ የተዋጊዎቹን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ። በማርች 2019 ባጉዝ የምትባለው የመጨረሻዋ መንደር ከእጁ ወጣች።

አንጎላም እንደዚያው ነው። ዩኒታ የሚባለው አማፂ ቡድን በ1994 ሉሳካ ላይ ሰላም ፈርሞ ነበር። ግን አልማዝ ነበረው፤ አልማዝ እስካለ ደግሞ ጥይት አለ፤ ተመልሶ ወደ ጦርነት ገባ። ተመድ በ1998 አልማዙ ላይ ማዕቀብ ጣለ። በፌብሩዋሪ 2002 መሪው ሳቪምቢ ተገደለ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ተኩስ አቁም ተፈረመ። ሃያ ሰባት ዓመት የፈጀ ጦርነት ነው እንግዲህ። መጀመሪያ ገንዘቡን አድርቅ፣ ከዚያ አለቃውን ምታ። የቀሩት ራሳቸው ይመጣሉ።

ሄለን፦
ብሩክ፣ በዚህ ጉዳይ ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባንክ ውስጥ አጠራጣሪ ዝውውር የሚመረምር ክፍል ነው የምሠራው። ሰባት ዓመት ሆኖኛል።

የምንሠራበት ሕግ መነሻው የአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ ነው። ፋትፍ የሚባለው የመንግሥታት ግብረ ኃይል በ1989 ሲቋቋም ሥራው የዕፅ ነጋዴ ገንዘብ እንዳይታጠብ መከላከል ነበር። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ የሽብር ገንዘብ ተጨመረበት። አሁን ልዩነቱን አስቡት። የዕፅ ነጋዴ ገንዘቡ ብዙ ነው፣ መደበቅ ይፈልጋል። ጥቃት የሚያደርስ ሰው ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ንጹሕ ነው፤ ከደመወዙ ወይም ከተበደረው ነው የሚያወጣው። የ2001ዱ ጥቃት ሙሉ ወጪ በአሜሪካ አጣሪ ኮሚሽን ግምት ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ነው፤ ያውም በዓመታት ተከፋፍሎ። በ2005 ለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ የፈነዱት ቦምቦች ወጪ ደግሞ ከ8 ሺህ ፓውንድ በታች ነበር። ስምንት ሺህ ፓውንድ! ሰው ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሚያወጣው ነው። የትኛው ሲስተም ነው ያንን የሚያየው?

እኛ የምንይዘው ማንን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከውጭ በየወሩ ይልክላቸዋል። አንድ ወር የልጁ ስም ከዝርዝር ውስጥ ካለ ሰው ስም ጋር ተመሳሰለና ገንዘቡ ታገደ። የእኛ አገር ሰዎች ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ዓይነት ነው የሚሆነው፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይጠራጠራል። እናትየው በየጠዋቱ መጥተው እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አይቆጡም፣ አይጮሁም። የመድኃኒት ማዘዣቸውን አጣጥፈው በእጃቸው ይዘው ዝም ብለው ያዩኛል። አሥራ አንድ ቀን። እኔ ደግሞ ለምን እንደታገደ እንዳልነግራቸው ሕጉ ይከለክለኛል። ያኔ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በትልቁም ያው ነው የሆነው። በኖቬምበር 2001 አሜሪካ አል-በረካት የሚባለውን የሶማሊያ ሐዋላ ዘጋች። የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ በእሱ ላይ ነበር። በኋላ መርማሪዎቹ ከአልቃይዳ ጋር የሚያያይዝ የሚጨበጥ ማስረጃ አላገኙም። እና ገንዘብ ይቆረጥ ስትሉ የማን እንደሚቆረጥ ጠይቁ።

ዳዊት፦
ሄለን በደንብ ብላዋለች። እኔ ልጨምር የምፈልገው ገንዘቡ ድሮውንም ባንክ ውስጥ አለመሆኑን ነው።

ጭነት አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የት እንደሆነ አልጠቅስም፤ እዚያ አሁንም የሚሠሩ ልጆች አሉ። መንገዱ ግማሹ በታጣቂ፣ ግማሹ በመንግሥት የተያዘ ነበር። ታጣቂው ኬላ ላይ ሾፌሩ ይከፍላል፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠዋል። የሚቀጥለው ኬላ ላይ ያንን ደረሰኝ ያሳያል፣ ያልፋል። ሁለተኛ አይጠየቅም። አንዱ ሾፌራችን ደረሰኙን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በፕላስቲክ ያስቀምጠው ነበር። ከዚያ ወደ መንግሥት ክልል ትገባለህ። አራት ቦታ ያስቆሙሃል፣ አራት ቦታ ትከፍላለህ። ደረሰኝ ብለህ ብትጠይቅ ነገር ፈለግህ ነው የሚሆነው። ሾፌሮቹ በየትኛው መንገድ መሄድ ይመርጡ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ታጣቂውን ወደውት አይደለም። ወጪያቸውን አስቀድመው ማወቅ ስለፈለጉ ነው።

ይኼ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። አልሸባብ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ግብር አለው፣ ዘካ ብሎ የሚሰበስበው አለው፣ ደረሰኝ አለው። የከሰል ንግዱን ተመድ በ2012 አገደበት። ከሰሉ ቀነሰ፣ ቡድኑ ግን አልወደቀም፤ ለምን? መንገዱ ስለነበረው። በ2018 የተመድ ተቆጣጣሪዎች ከሞቃዲሾ ወደ ባይዶዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ኬላ ብቻ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ ጽፈዋል። አንድ ኬላ!

ኮሎምቢያ ውስጥ ገበሬና ነጋዴ ለታጣቂ የሚከፍለውን "ቫኩና" ይሉታል፤ ክትባት ማለት ነው። አንዴ ከተከተብክ አትታመምም። ስፔን ውስጥ ኢታ የሚባለው የባስክ ቡድን ደግሞ "የአብዮት ግብር" ብሎ ለባለ ፋብሪካዎች ደብዳቤ ይልክ ነበር። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከመክፈል ውጭ አማራጭ ከሌለው ሰው ኪስ ነው።

ብሩክ፦
ዳዊት፣ ይኼ የኔን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። የሚከፍለውን ነጋዴ ቅጣው። መክፈል ወንጀል ይሁን። ሁሉም እምቢ ካለ ከማን ይሰበስባል?

ዳዊት፦
ወንድሜ፣ ማታ ቤትህ መጥቶ የልጆችህን ትምህርት ቤት ስም የሚነግርህን ሰው እምቢ ትለዋለህ? እኔ አልልም። መጀመሪያ ጠብቀኝ፣ ከዚያ ቅጣኝ።

ብሩክ፦
እሺ፣ ነጋዴውን ተወው። መንግሥታትስ? ኒው ዮርክ ታይምስ በ2014 ባወጣው ምርመራ አልቃይዳና ተከታዮቹ ከ2008 ጀምሮ ከማስለቀቂያ ቢያንስ 125 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። አብዛኛውን የከፈሉት የአውሮፓ መንግሥታት ናቸው። ለአንዱ ታጋች ስትከፍል የሚቀጥለውን ታጋች እየገዛህ ነው። እዚህ ላይ ጨካኝ በሉኝ፣ ማንም መክፈል የለበትም።

ሰብለ፦
ብሩክ፣ እኔ ከፍያለሁ።

እስካሁን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። ወንድሜን ከሥራ ሲመለስ ከመኪና አውርደው ወሰዱት። ስምንት ዓመት አለፈው። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ድምፁን አሰሙን፣ "እማዬ ደህና ነኝ" አለ። ቤት ተሸጠ፣ ዘመድ ተለመነ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ደመወዛቸውን አዋጡ። የተባለው ቦታ ወሰድን፣ ከፈልን። ስልኩ ተዘጋ። አልመጣም። አስከሬኑም አልመጣም። እናቴ እስከ ዛሬ በእሱ ቁጥር ላይ የአየር ሰዓት ትሞላለች፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ብላ።

መክፈል አይገባም ስትል በሐሳብ ደረጃ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ግን የዚያን ቀን እኛ ቤት ብትሆን አንተም ታዋጣ ነበር። ምሕረት የምትሉትን ግን እኔም ከብሩክ እኩል አልቀበለውም። ሲያነሱት ይመርረኛል። ወንድሜን የወሰደው ሰው ነገ ተሃድሶ ገባ ተብሎ፣ ሰርተፊኬት ተሰጥቶት፣ ጎረቤቴ ሆኖ ይኖራል? እንዴት ነው የምውጠው?

ሚዛን፦
ሰብልዬ፣ ይቅርታ፤ እንዲህ ያለ ሐዘን እንዳለብሽ አላወቅኩም። አመሰግናለሁ ስለነገርሽን። ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ በዚህ ላይ ብዙ አንብበዋል፣ ዛሬ ዝም አሉ።

ጋሽ ተፈራ፦
ልጆቼ፣ ዝም ያልኩት ሰብለ ከጻፈችው በኋላ ቶሎ መመለስ ስለከበደኝ ነው። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ላንቺ ጥያቄ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ አልሸሽም።

መጀመሪያ ለብሩክ። ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2008 አንድ ጥናት አውጥቷል። ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 የሽብር ቡድኖችን ተከታተለ። ካበቁት ውስጥ 43 በመቶ ያህሉ ወደ ፖለቲካ ገብተው ነው ያበቁት። 40 በመቶ ያህሉን ፖሊስና ደኅንነት መሪዎቻቸውን በመያዝ ወይም በመግደል አፈረሳቸው። በጦር ሠራዊት ያበቁት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኃይል አይሠራም አልልም፤ ስም እየለየ የሚይዝ ፖሊስ መንደር ከሚደበድብ ጦር በብዙ ይሻላል ነው የምለው።

ለምን? የተመድ የልማት ፕሮግራም በ2017 አፍሪካ ውስጥ በፈቃዳቸው አክራሪ ቡድን የተቀላቀሉ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። የመጨረሻዋ ገፊ ምክንያት ምን ነበረች ሲባሉ 71 በመቶው የመንግሥት ድርጊት ነው አሉ፤ የቤተሰብ ወይም የወዳጅ መገደልና መታሰር ዋናው ነው። ይኼን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ ጦር ብቻውን ያሸንፋል የሚለኝን ሰው በጥርጣሬ ነው የማየው።

ብሩክ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ያ ጥናት ትናንሽ ቡድኖችን ከትልልቆቹ ጋር ደባልቋል። ትልቅ ግዛት የያዘውን በፖሊስ አይያዙትም። የስሪላንካው አማፂ ታሚል ታይገር የራሱ ባሕር ኃይል ነበረው። ውጭ ካሉ ታሚሎች ቶሮንቶና ለንደን ውስጥ ቤት ለቤት ይሰበስብ ነበር፤ በድርድር ስንት ዓመት አለፈ? የስሪላንካ ጦር በሜይ 2009 ጨረሰው። ዛሬ የለም።

ጋሽ ተፈራ፦
ልክ ነህ፣ የለም። ዋጋውንም አብረህ ጻፈው እንጂ። የተመድ ዋና ጸሐፊ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2011 እንደጻፈው በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ 40 ሺህ ሲቪል ሳይሞት አልቀረም። በአንዲት ቀጭን የባሕር ዳርቻ ላይ። ጥያቄው ይቻላል ወይ ብቻ ከሆነ፣ አዎ ይቻላል። እኔ ግን የነዚያን ሰዎች ሞት "ተሳካ" በሚል ቃል ውስጥ ላስገባው አልችልም።

አሁን ወደ ሚዛን ጥያቄ። ጠረጴዛ ብቻውንም አያድንም። ኮሎምቢያን ልንገራችሁ፤ ሁለቱንም ፊት ስላሳየችን። በ1985 ፋርክ የሚባለው አማፂ ቡድን ከመንግሥት ጋር ሲነጋገር "የአርበኞች ኅብረት" የሚባል ሕጋዊ ፓርቲ ተመሠረተ። ምርጫ ገቡ፣ ከንቲባ ሆኑ፣ ምክር ቤት ገቡ። ከዚያ አንድ በአንድ ተገደሉ። የአሜሪካ አገራት የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2023 መንግሥትን ተጠያቂ ሲያደርግ ተጎጂዎቹን ከ6 ሺህ በላይ ብሎ ነው የቆጠረው። ጫካ የቀረው ተዋጊ ይኼን እያየ መሣሪያውን ያስቀምጣል? አላስቀመጠም። ሌላ ሠላሳ ዓመት ተዋጋ።

በሌላ በኩል ኤም-19 የሚባለውን ተመልከቱ። በማርች 1990 መሣሪያ አስረከቡ። መሪያቸው ካርሎስ ፒሳሮ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ከሰባት ሳምንት በኋላ አውሮፕላን ውስጥ ተገደለ። ሁሉም ሰው ወደ ጫካ ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ። አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱን ከጻፉት አንዱ ሆኑ። በ2022 ከእነሱ አንዱ የነበረው ጉስታቮ ፔትሮ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሚዛን፦
ጋሼ፣ ይኼ እኮ ለፖለቲካ ለተነሱት ነው። ለአክራሪዎቹስ? ሰማይ ነው የምንፈልገው የሚልን ሰው ምን ብለው ያደራድሩታል?

ጋሽ ተፈራ፦
ጥሩ ጥያቄ። ይከብዳል፤ ግን ሆኗል። ግብፅ ውስጥ ጀማዓ ኢስላሚያ በ1990ዎቹ ቱሪስትና ፖሊስ ሲገድል የነበረ ቡድን ነው። በጁላይ 1997 እስር ቤት ያሉት መሪዎቹ ጥቃት ይቁም ብለው አወጁ። ከአራት ወር በኋላ ሉክሶር ላይ 62 ሰው ተገደለ፤ ከራሱ ከቡድኑ ያፈነገጡት ናቸው። ሕዝቡ በጣም ተቆጣ፣ ውጭ የነበሩት መሪዎችም አንገታቸውን ደፉ። የታሰሩት ግን ጥቃት ይቁም ካሉት አልተመለሱም፤ በራሳቸው የሃይማኖት መጻሕፍት እየተከራከሩ መግደል ስህተት ነበር ብለው ጻፉ፣ መንግሥትም በየእስር ቤቱ እየዞሩ ለተከታዮቻቸው እንዲያስረዱ ፈቀደላቸው። ያንን ክርክር የመንግሥት ሼክ ቢያደርገው ማንም አይሰማውም ነበር። አብሯቸው የታሰረ፣ አብሯቸው የተራበ ሰው ስለተናገረው ሰሙት።

ሄለን፦
ጋሼ ፋርክን ስላነሱ አንድ ነገር አለኝ፤ እዚህ ክርክር ውስጥ ማንም አላነሳውም። ፋርክ በ2016 ፈረመ። በ2017 ተመድ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ መሣሪያ ተረከበ። ከ13 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሲቪል ኑሮ ሊመለስ ተመዘገበ። ለሁለት ዓመት የዝቅተኛ ደመወዙን 90 በመቶ በየወሩ እንዲያገኙ ስምምነቱ ላይ ተጽፏል። እሺ፣ ያ ገንዘብ የት ይገባል? ባንክ ነዋ። አሜሪካ ግን ፋርክን ከሽብር ዝርዝሯ ያወጣችው በ2021 መጨረሻ ነው። ከፊርማው አምስት ዓመት በኋላ! በዚያ መሀል ባንኮች የቀድሞ ተዋጊዎችን ስም ሲያዩ ይሸሹ ነበር። ለምን እንደሚሸሹ እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው ነው "አይሆንም" የሚለው፣ ቅጣቱን ፈርቶ።

አስቡት። መሣሪያውን አስረክቧል፣ ዳቦ ቤት ወይም ዓሣ ርባታ ሊጀምር ነው፤ ሒሳብ መክፈት አልቻለም። ጫካ ያለው የድሮ ጓደኛው ግን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ያንን ሰው ማን ነው ወደ ጓደኛው የገፋው? ገንዘብ መቁረጥ መግቢያ እንዳለው መውጫም ያስፈልገዋል። ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት አንድ ቀን ይበቃል፤ ለማውጣት ዓመታት። ይኼ ነገር ስላለሁበት ያንገበግበኛል።

ብሩክ፦
ሄለን፣ ይኼን አላሰብኩበትም ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን 90 በመቶ ደመወዝ? ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሥራ አጥ ወጣት ምንም ሳያገኝ ለገደለው ደመወዝ መክፈል? ትምህርቱ ምንድን ነው፣ ቀድመህ ግደል ከዚያ ይከፈልሃል?

ዳዊት፦
ይኼ የብሩክ ጥያቄ እኔንም ይከነክነኛል። ተዋጊው ብቻ ከተረዳ መንደሩ ይቀየመዋል። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ገንዘቡን ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለሚመለስበት ቀበሌም መስጠት የጀመሩት፤ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ። መንገዱ ሲሠራ ደግሞ ኬላው ላይ የሚቆመው ማን ነው የሚለውን አትርሱ። አራት ጊዜ የሚያስከፍል የመንግሥት ኬላ ካለ ታጣቂው ተመልሶ ሲመጣ ሾፌሩ አያዝንም።

ጋሽ ተፈራ፦
ካልከፈልክም ምን እንደሚመጣ ሞዛምቢክን እይ፣ ብሩክ። ሬናሞ የሚባለው አማፂ ቡድን በ1992 ሮም ላይ ፈረመ። ፓርቲ እንዲሆን የውጭ መንግሥታት በፈንድ ገንዘብ አዋጡለት፤ ጣሊያን ዋናዋ ነበረች። ሰው ያኔ ተቆጥቷል፤ እንዲህ ያለ ጭፍጨፋ ለፈጸመ ቡድን ቢሮና መኪና ይገዛለታል ብሎ። ሃያ ዓመት ጠመንጃ ዝም አለ። ግን ጫካ የቀሩት ተዋጊዎች ጉዳይ አልተዘጋም፤ በ2013 ተኩስ ተመለሰ። እንደገና በ2019 ተፈራረሙ። የመጨረሻው ካምፕ የተዘጋው በ2023 ነው፤ ከ5,200 የሚበልጡ ተዋጊዎች፣ አብዛኞቹ ያረጁ። የመጨረሻው ክርክር ምን ነበር መሰለህ? ጡረታ። ሠላሳ ዓመት የዘገየ የጡረታ ጥያቄ።

ሥራ ፈት ወጣቱን በተመለከተ አንተ ትክክል ነህ፤ መልስ የለኝም። አለኝ ብል እዋሻለሁ።

አሁን ሰብለ። እጠብቅ ነበር እንዳትወጪ።

ምሕረት ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ዝም ብሎ "ተረሳ" የሚባለውን እኔም አልቀበልም። ኮሎምቢያ ያደረገችው ሌላ ነው። ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። መጥቶ ሙሉውን እውነት የተናገረ እስር ቤት አይገባም፤ ግን ከ5 እስከ 8 ዓመት ነፃነቱ ተገድቦ የማካካሻ ሥራ ይሠራል፣ ፈንጂ ማምከን፣ የጠፉ ሰዎችን ፍለጋ፣ እንዲህ ያለ። የዋሸ እስከ 20 ዓመት ይታሰራል። በሴፕቴምበር 2025 ሰባት የፋርክ የበላይ መሪዎች በእገታ ወንጀል 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ የቆጠረው የታገተ ሰው ከ21 ሺህ በላይ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ቅጣቱ አነሰ ብለው አለቀሱ፤ አልፈርድባቸውም።

ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከ1998ቱ ስምምነት በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ400 በላይ እስረኛ ተፈታ። የተገደለባቸው ሰዎች ገዳዩን ገበያ መሀል ያገኙት ጀመር። ከባድ ነበር። አይአርኤ የሚባለው የታጠቀ ቡድን መሣሪያ ከጥቅም ውጭ ሆነ ተብሎ በገለልተኛ ኮሚሽን የተረጋገጠው እንኳ በ2005 ነው፣ ሰባት ዓመት ቆይቶ። ግን አንድ ያደረጉት ነገር አለ፤ ላንቺ ነው የምነግርሽ። በ1999 የጠፉ ሰዎችን አስከሬን የሚፈልግ ኮሚሽን አቋቋሙ። አይአርኤ ገድሎ በድብቅ የቀበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ረግረግ ውስጥ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቢናገር የተናገረው ነገር ፍርድ ቤት ላይ በማስረጃነት አይቀርብበትም። ሕጉ ይኼ ነው። አንዳንዱ በስልክ፣ አንዳንዱ በመካከለኛ ሰው ተናገረ። ቆፈሩ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ወጣ፣ እንደገና ቆፈሩ። ኮሚሽኑ ከሚፈልጋቸው አሥራ ሰባት ሰዎች አሥራ ሦስቱ ተገኙ። አንዳንዱ ቤተሰብ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው የቀበረው።

ብሩክ፦
ጋሼ፣ ተናጋሪው ግን ሳይቀጣ ቀረ ማለት ነው?

ጋሽ ተፈራ፦
በተናገረው ነገር፣ አዎ።

ብሩክ፦
እኔ ይኼን መፈረም አልችልም። ሰብለ ካለች ግን እኔ እምቢ የማለት መብት የለኝም። እሷ ትበል።

ሰብለ፦
ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

ገንዘቡን አልፈልግም፤ የከፈልነው ሄዷል። ሰውየው ቢታሰር ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም፤ አሁንም ይለኛል። እናቴ ግን ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ፍርድ ቤት፣ ይግባኝ፣ ቀጠሮ የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም። "የት እንዳስቀመጡት የሚያውቅ ልጅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፣ ስሙን እንኳ አልጠይቀውም" አለችኝ። እኔ እንደሷ አልሆንኩም። ስሙን እጠይቀዋለሁ። ግን እሺ። ይናገር፣ አይታሰር፣ ደመወዙንም ይቀበል፣ ባንኩም ሒሳብ ይክፈትለት ሄለን። ቦታውን ያሳየን።

የስልኩን የአየር ሰዓት ግን እስከዚያ እንሞላለን።